ስልሳ ማንንም አያስቀይምም

ነገሩ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረ። ነሐሴ ነበር። ዳንግላ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ውሎ ገና ማባራቱ ነው። የምሠራበት ትንሽ የግል ክሊኒክ ኮሪደር በጭቃ ጫማ ተረጋግጦ መልኩ ጠፍቷል። ራጅ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ የደረቁ ፊልሞችን ፖስታ ውስጥ ስከት፣ አንድ ሰው ግማሽ ጆንያ ተሸክሞ ገባና እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«ከሰል ነው» አለ። «የራሴ እጅ ሥራ። ላንቺ ነው።»

አወቅኩት። የአዲስ ቅዳም ሰው ነው፤ ከሰል አክሳይ። ከሦስት ሳምንት በፊት ወገቡን ይዞት ሲመጣ ራጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሸሚዙን ሲያወልቅ ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ በጋለ ብረት የተተኮሰባቸው ያረጁ ጠባሳዎች ነበሩ። በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ቁርጥማትም ይሁን ወገብ፣ ሐኪም ከመታየቱ በፊት ብረት ይግላል። ያን ቀን ራጁ አልበቃ ብሎ ሐኪማችን ወደ ትልቁ ከተማ ለኤምአርአይ ምርመራ ሲልከው፣ ወረቀቱን የሞላሁትም እኔ ነኝ።

ወገብዎ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኩት። ድምፄ እንደ ልማዱ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቶ መሆን አለበት፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ለማን ቆጥበሽ ነው?» ብሎ ሳቀ። «ወገቤማ ለቀቀኝ። ያ ማሽን ተኮሰኝና ለቀቀኝ።»

ማሽኑ አይተኩስም፣ ምስል ብቻ ነው የሚያነሳው አልኩት። ምንም እንደማያውቅ ሕፃን አየኝና ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኝ። ጠባብ ዋሻ ውስጥ አጋደሙት። እንዳትነቃነቅ አሉት። ሎሚ የምታህል የጎማ ኳስ በአንድ እጁ አስጨበጡትና የሆነ ነገር ከተሰማህ ጭመቃት፣ እናስቆመዋለን አሉት። ክፍሉ ብርድ ስለነበር ሌላውን እጁን ጭኖቹ መካከል ከተተ፤ የእኛ አገር ሰው ሲበርደው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ማሽኑ እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ መጣ።

«እሳት ከውጭ ሲመጣ አውቀዋለሁ» አለ። «ይኼኛው ግን እንደ ክምሬ ነው። ስናከስል እንጨቱን ሣርና አፈር እናለብሰው የለ? ላዩን ብትዳብሺው ቀዝቃዛ ነው። ውስጡ ይነዳል። ልክ እንደዚያ ከውስጥ ነደድኩ።»

«ኳሷን አልጨመቋትም?»

«መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ማን ያስቆመዋል? ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።»

እጁን ዘረጋልኝ። በአውራ ጣቱ ሥር፣ የእጁ ጀርባ ላይ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቁስል አለች። ዳር ዳሯ ነጭ ሆኖ መሐሏ ጠቁሯል። ጭኑ ላይም፣ እጁ የነካው ቦታ፣ የዚህች እህት እንዳለች በኩራት ነገረኝ።

ፊልሞቹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን ስለዚህ ማሽን የነገረን ከነድምፁ መጣብኝ። ጨረር የለውም ስለሚባል ሰው ይንቀዋል ይል ነበር። ነገር ግን ማሽኑ ምስል የሚያነሳው የሬዲዮ ሞገድ ወደ ሰውነት እየላከ ነው፤ ሞገዱም ሥጋ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀት ይሆናል። ማግኔቱ በበረታ መጠን ሙቀቱ ይብሳል። ባዶ ቆዳ ከባዶ ቆዳ ጋር በአንድ ነጥብ ሲነካካ ደግሞ ሞገዱ ክብ መንገድ ያገኝና በዚያች ነጥብ ያቃጥላል። ለዚህ ሁሉ ማሽኑ ሁለት ጠባቂ ተደርጎለታል። አንዱ የታማሚው ኪሎ ነው። ኪሎው ሲነገረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሥጋ ምን ያህል ሙቀት እንደሚደርስ አስልቶ ራሱን ይገታል። ከእውነቱ የበዛ ኪሎ ቢነግሩት ያንኑ አምኖ ሙቀቱን ያበዛል። ሁለተኛው ጠባቂ ኳሷን የያዘው የታማሚው እጅ ነው። ማሽኑ ቢጮህ ግድ የለም፣ ታማሚው ከመጠን በላይ ዝም ካለ ግን ፍሩ ብሎን ነበር።

ከሰል አክሳዩ አጭርና ደረቅ ሰው ነው። አርባ አምስት ኪሎ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። እኔ ወረቀቱ ላይ ስልሳ ብዬ ጽፌለታለሁ።

ስለ ስልሳ መናገር አለብኝ። የክሊኒካችን ሚዛን የቆመው ኮሪደሩ ላይ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት ነበር። ለመመዘን ጋቢ ማውለቅ፣ ቦቲ ማውለቅ፣ ዱላ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ይከፋቸዋል። እንደ ሙክት ልትመዝኑኝ ነው ያሉኝ ባልቴት ነበሩ። በሕመም የከሳ ሰው ደግሞ መክሳቱ በቁጥር ሲጠራ መስማት አይፈልግም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሥራውን ስታስረክበኝ፣ «ስልሳ በይ፤ ስልሳ ማንንም አያስቀይምም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ለወፍራሙ ስድብ አይሆንም፣ ለቀጭኑ ሟርት አይሆንም። በኋላም የሚዛኑ መርፌ ሲሰበር ያስጠገነው የለም። ለራጅ ኪሎ አያስፈልገኝም፤ የሰውየውን ውፍረት በዓይኔ ነው የምለካው። የኤምአርአይ መላኪያ ወረቀት ሲመጣ ግን «ክብደት» የሚል ሣጥን ነበረበት። እኔም በሰው ፊት ጋቢዎን ያውልቁ ብሎ ከመናገር ይልቅ ስልሳ ጻፍኩበት። ምክንያቱ ማፈር ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ሰውየው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለ።

«የጥርባዋ እናት ነገ ናት አይደል ማሽኑ ውስጥ የምትገባው?» አለ። «ልጇ ከሰል ይገዛኛል። ቅዳሜ ገበያ አግኝቼው ለእናትህ ንገራት ብዬዋለሁ። ሲሞቃት ኳሷን እንዳትጨምቃት። ትቻለው።»

እኚያን እናት ባለፈው ሳምንት ነው ያየኋቸው። ከእንጅባራ ወዲያ፣ ከጥርባ ነው የመጡት። ጀርባቸው ጎብጧል፤ ማታ ማታ ያተኩሳቸዋል። ሐኪማችን የአከርካሪ ቲቢ ጠርጥሮ ነው የላካቸው። ጋቢ የተጣለበት የቀርከሃ በትር ይመስሉ ነበር። ራጁ ላይ ስጋደማቸው ክብደት ያነሳሁ አልመሰለኝም። ለእሳቸውም ስልሳ ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለቱም ጠባቂዎች ተነስተዋል ማለት ነው፤ አንዱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሌላውን ይህ ደግ ሰው።

ክፍሉን ዘግቼ የላክናቸውን ሰዎች የወረቀት ቅጂ አወጣሁ። ስልሳ፣ ስልሳ፣ ስልሳ። የአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ወረቀትም ስልሳ ይላል። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል፤ ሁልጊዜ ሰው ያመሰግነኛል። ያን ቀን ግን የማን እጅ እንደሆነ የማላውቀው እጅ መሰለኝ።

መጀመሪያ ለልጃቸው ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም፤ ጥርባ ላይ ዝናብ ከጣለ ኔትወርክ የለም። ቀጥዬ ከተማው ውስጥ፣ ማሽኑ ያለበት ቦታ ለሚሠራ አብሮኝ ለተማረ ልጅ ደወልኩ። አራት ዓመት አንድ ክፍል ተቀምጠን ደውዬለት አላውቅም።

«ዝምተኛዋ! ማን ሞቶ ነው?» አለ።

ማንም አልሞተም ብዬ ጉዳዩን ነገርኩት። ኪሎውን ራሳችሁ አትመዝኑም ወይ ስለው፣ «እኛ ከወረቀቱ ነው የምንገለብጠው። እናንተ አይደላችሁ የምትመዝኑት?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ኔትወርኩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ሌላ ተቃጠልኩ ያለ ሰው አለ?»

አሰብ አደረገ። አዲሱ ማሽን ከድሮው እጥፍ ብርቱ ነው፤ የከተማው ሰው ትንሽ ሲሞቀው ይጨምቃል፤ እናቆማለን፣ እናናፍሰዋለን፣ እንደገና እንጀምራለን አለኝ። ቀጥሎ ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «የእናንተ አገር ሰዎች ግን ጎበዞች ናቸው። አንድም ቀን ጨምቀው አያውቁም።»

ሊያመሰግነን ነበር የፈለገው። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ነገ እሱ ተረኛ አልነበረም፤ ለሚተካው ሰው እነግረዋለሁ አለ። ሲናገር ከጀርባው ሰዎች ይጠሩታል። እንደሚረሳው ከድምፁ ታወቀኝ።

የክሊኒኩን ባለቤት ቢሮ አንኳኳሁ። ነገሩን ከመጨረሻው ጀምሬ፣ መሐሉን ዘልዬ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ቸኩለዋል። ስንት ሰው ልከናል፣ ማን ሞተ አሉኝ። ነገ ሦስት ራጅ አለሽ፣ ሚዛኑንም ክረምቱ ሲወጣ እናያለን አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ያን «እሺ» ያልኩት ስለተስማማሁ አይደለም፤ ከሰው ፊት የምወጣበት ሌላ ቃል ስለማላውቅ ነው።

የተከራየሁት ክፍል ያለው ከአንድ በርበሬና ጨው ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ነው። ነጋዴው ሰፊ ሆድ ያላቸው ቀልደኛ ሙስሊም አባት ናቸው። በርበሬ የሚመዝኑበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ የሰው ሚዛን ነበራቸው። ለአንድ ቀን ያውሱኝ ስላቸው ማንን ልትመዝኚበት ነው አሉ። አንዲት የታመሙ እናት አልኩ።

«ሁለት ኪሎ ይጨምራል፤ እንዳያታልልሽ ቀንሺ» አሉኝ። አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉት። «ሰውም እንደ በርበሬ ነው ልጄ። ሲደርቅ ይቀላል።»

ከመጨረሻዎቹ ሚኒባሶች በአንዱ ወደ ቆሰበር፣ እንጅባራ ወዳለው እናቴ ቤት ሄድኩ፤ ከጥርባ የሚመጣ ሰው ወደ ከተማ የሚሳፈረው ከዚያ ነው። ሚዛኑን ጉልበቴ ላይ ታቅፌ ነበር። በተንገጫገጭን ቁጥር መርፌው ይዘላል፤ ማንም ሳይወጣበት አሥር፣ ሃያ ይልና ይመለሳል። መስኮቱን ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። እናቴ ለምን መጣሽ አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። ሚዛኑን አየችና ሌላ አልጠየቀችም።

ረቡዕ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የቆሰበር መናኸሪያ ደረስኩ። ጭጋጉ ከመሬት አልተነሳም፤ ሚኒባሶቹ በድምፃቸው ብቻ ነው የሚታወቁት። ልጅየው እናቱን በፈረስ አምጥቷቸው ነበር። ፈረሱን ለዘመዱ ሲያስረክብ አየሁትና ሚዛኔን አቅፌ ቀረብኩ። እናት በጋቢያቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበዋል። ፍልሰታ ስለሆነ ከትናንት ጀምሮ ውሃም በአፋቸው አልዞረም።

ወረቀቱ ላይ ስሕተት ጽፌያለሁ፣ አሁን ልመዝንዎት አልኳቸው። አልሰሙኝም። ልጃቸው፣ «ጆሮዋ ይከብዳል፤ አማርኛም ብዙ አይገባትም። ጮክ ብለሽ በአገውኛ ንገሪያት» አለኝ።

አገውኛዬ የልጅነት ነው። ከእናቴ ጋር ገበያ ስመላለስ የለቀምኩት፤ ከተማ ትምህርት ቤት ስገባ ልጆች ሲስቁብኝ የተውኩት። አሥራ አምስት ሰው በተሰለፈበት፣ ረዳቶች በሚጣሩበት ሜዳ ላይ፣ በዚያ በተሰባበረ ቋንቋ ጮኼ ተናገርኩ። ጉሮሮዬ አመመኝ። ሰው ዞሮ አየኝ። ዞሮ ማየቱ እንደፈራሁት አልገደለኝም።

«ገበያ ልታወጪኝ ነው ልጄ?» አሉ እናት።

«ዋጋሽ ይታወቅ ብላ ነው» ሲል ልጃቸው ቀለደ፤ አጠገባችን የነበሩትም ሳቁ። ሳቁ ረዳኝ። ነጠላዬን ዘርግቼ ከሰው ዓይን ከለልኳቸው፤ ከከለላው ጀርባ ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን፣ የላስቲክ ጫማውን ልጃቸው አወለቀላቸው። ሚዛኑ ላይ ሲቆሙ ክርናቸውን ይዤ ነበር። ለቀቅኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሠላሳ ዘጠኝ። የበርበሬውን ሁለት ቀነስኩ።

ወረቀቱን ከልጃቸው ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስልሳውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ የቀድሞው ቁጥር እንዲታይ። ከጎኑ ሠላሳ ሰባት ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከሥሩም ትኩሳት እንዳለባቸው፣ ጆሯቸው እንደሚከብድ፣ ጋቢ ሳይደርቡ እንዲገቡና እጃቸው ከጭናቸው እንዲለይ ጻፍኩ።

ከዚያ ዋናው ቀረ። ከሰል አክሳዩ ያሉት ልክ አይደለም፤ ማሽኑ መድኃኒት አይሰጥም፣ ያያል ብቻ፤ ሲሞቅዎት ኳሷን ይጭመቁ አልኳቸው።

«ሳልችለው ብቀር አይቆጡኝም?»

«ይቆጡ» አልኩ።

«ሕመሙ ሳይወጣ ቢያስቆሙትስ?»

ሕመሙ በእሳት እንደማይወጣ ለማስረዳት ቃል አጣሁ። በአገውኛም በአማርኛም ቢሆን የማገኘው አልመሰለኝም። ሲተኮሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንገታቸው ሥር ጠባሳው ይታያል። በመጨረሻ፣ ቢሞቅዎትና ዝም ቢሉ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ነው አልኳቸው። ይህ ገባቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

እስኪ ይሞክሩ ብዬ ሁለት ጣቶቼን መዳፋቸው ውስጥ አስገባሁ። መዳፋቸው በዚያ ብርድ ይፋጃል። ይጭመቁ አልኳቸው። ጠበቅኩ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ፤ ልጃቸው ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ ነው።

«ጨመቁ?» አልኩ።

«ጨመቅኩ እንጂ» አሉ።

ምንም አልተሰማኝም ነበር።

እንደገና ልሞክር አሉኝ፤ እንደገና ጨመቁ። ጉንጫቸው ሲወጠር፣ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ሲቆም አየሁ። ጣቶቼ ላይ የደረሰው ግን የቅጠል ያህል ነው። ያቺን የጎማ ኳስ በተማርኩበት ጊዜ ጨብጫት አውቃለሁ፤ ጠንካራ ናት። ልጃቸውን አየሁት። እሱም ወንበሩ ላይ የሚጠብቅ እንጂ ማሽኑ ክፍል የሚገባ አይደለም። ወረቀቱ ቢስተካከልም፣ እናቲቱ እሺ ቢሉም፣ ያቺ እጅ ማንንም አታስቆምም።

ስልኬ ጠራ። የክሊኒኩ ባለቤት ናቸው። ሦስቱ ራጆች እየጠበቁ መሆን አለበት። አንስቼ ዛሬ አልመጣም፣ ከታማሚ ጋር ነኝ አልኳቸው። ሲናገሩ ሰማሁ፣ ግን ምን እንዳሉ አላስታውስም። ሚዛኑን ይዤ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁና ከእናቲቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ክፍል ካላስገቡኝ በሩ ላይ ቆሜ በመስኮቱ ፊታቸውን አያለሁ፤ ፊታቸው ሲለወጥ እኔ እጮሃለሁ ብዬ ወሰንኩ። እንዴት እንደምጮህ አላውቅም ነበር።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ ጭጋጉ ገለጥ ብሎ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ክምሮች ዝናብ የመታው አፈር ለብሰው ተቀምጠዋል። ከውጭ ለሚያያቸው የቀዘቀዙ ናቸው፤ በስንጥቁ ግን ቀጭን ጭስ ይወጣል። እናቲቱ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ዳንግላ መግቢያ ላይ ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ዳንግላ ወራጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ያውቀኛል፤ የሚያየው እኔን ነው።

«የለም» አልኩ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

የክሊኒኩን ቆርቆሮ ጣሪያ አልፈን ሄድን። እጃቸውን አልለቀቅኩም። በየትንሹ ቀስቅሼ ይጭመቁ እላቸዋለሁ፤ ጨመቅኩ ይሉኛል፤ እኔ ግን በጣቶቼ ላይ የሚሰማኝ ትኩሳታቸው ብቻ ነው።